ሞተር ለተቀየረለት መኪና ፍሪሲዮን አመራረጥ፦ ከመግዛት በፊት የሚለካው፣ ከገጠሙ በኋላ የሚፈተሸው

ከሰበታ እስከ ለገጣፎ፣ ከገላን እስከ ሱሉልታ ባሉት ጋራዦች ሞተር ማስቀየር የዘወትር ሥራ ነው። 2ኤል የሚባለው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር የደከመበት ፒካፕ 3ኤል ወይም 5ኤል ይገባለታል፤ ቤንዚን የነበረው ወደ ናፍጣ ይዞራል፤ ጉልበት የፈለገ ደግሞ ቱርቦ ያለውን 1ኬዜድ ያስጭናል። ሞተሩ ሲመረጥ ሰው ይማከራል፣ ይነሣል፣ ጭሱ ይታያል፣ ዘይቱ ይሸተታል። ፍሪሲዮኑ ግን ሞተሩ ተንጠልጥሎ እያለ ልጅ ተልኮ «የ3ኤል ዲስክ» ተብሎ ይመጣል። አብዛኛው ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሞተር የተቀየረለት መኪና ፍሪሲዮን በሞተር ስምም በመኪና ስምም አይገዛም፤ በልክ ይገዛል። ልኩም የሚወሰደው ሞተሩና ካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ሣጥኑ፣ ሁለቱም መሬት ላይ ሳሉ ነው።

ማን ማንን ይከተላል?

ፍሪሲዮን ስንል አራት ዕቃ ነው፦ ቮላኖ፣ ማለትም ፍላይዊል የሚባለው፤ ሸራ ያለበት ዲስክ፤ ዲስኩን ቮላኖው ላይ የሚጫነው ፕሬዠር ፕሌት፤ እንዲሁም ፔዳል ሲረገጥ የፕሬዠሩን ጣቶች የሚገፋው ኩሽኔታ። ቮላኖውና ፕሬዠሩ የሞተሩ ወገን ናቸው። ቮላኖው ከክራንኩ፣ ማለትም ከሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ብሎኖች ጋር፣ ፕሬዠሩ ደግሞ ከቮላኖው ቀዳዳዎችና ከማረፊያ ፒኖቹ ጋር ይገጥማል። ገፊው ኩሽኔታ የካምቢዮው ወገን ነው፤ በካምቢዮው አንገት ላይ ይንሸራተታል፣ በካምቢዮው ሹካ ይገፋል። ዲስኩ ግን ሁለት አለቃ አለው፦ የውጭ ስፋቱን ቮላኖና ፕሬዠሩ ይወስናሉ፣ የመሃል ጥርሱን የካምቢዮው ዘንግ ይወስናል።

ስለዚህ ሞተሩ ከነካምቢዮው ከመጣ ነገሩ ቀላል ነው። የዚያን ሞተርና የዚያን ካምቢዮ ሙሉ ዕቃ ግዙ፤ የሚቀራችሁ አቅሙንና የፔዳሉን ፓምፕ ማየት ብቻ ነው። አዲስ ሞተር በነባር ካምቢዮ ላይ ሲገባ ነው ልኬት የግድ የሚሆነው። 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል የአንድ ቤተሰብ ሞተሮች ስለሆኑ ካምቢዮው ላይ በቀጥታ ይገጥማሉ። ሰው የሚሳሳተውም በዚህ ምክንያት ነው፦ ካምቢዮው ስለገጠመ ፍሪሲዮኑም አንድ ነው ብሎ ይደመድማል። ግን በእነዚህ ሞተሮች ላይ እንደወጡበት መኪና 224 ሚሜም 236 ሚሜም ዲስክ ይገኛል፤ ቮላኖውም እንደዚያው ይለያያል። የ236 ፕሬዠር ለ224 በተቀደደ ቮላኖ ላይ አይቀመጥም።

የሚለኩት ልኮች

ካሊፐር፣ ቀጥ ያለ ብረት ማስመሪያ፣ ጠመኔና ወረቀት ያዙ። በሜትር ገመድ የተለካ ልክ ለዚህ ሥራ አይበቃም።

1. የካምቢዮ ዘንግ ጥርስ። አንዱን ጥርስ በጠመኔ ምልክት አድርጉና ዙሪያውን ቁጠሩ። ከዚያ የዘንጉን የውጭ ስፋት ለኩ። በብዙ የቶዮታ ፒካፕ ካምቢዮዎች 21 ጥርስና 29 ሚሜ አካባቢ ታገኛላችሁ። የጥርሱ ቁጥር ብቻ ገጥሞ ስፋቱ የሚለያይ ዲስክ ስላለ ሁለቱንም ጻፉ። የዲስክ ልክ በካታሎግ ላይ ብዙ ጊዜ 224 በ150 በ21 በ29 ተብሎ ይሰፍራል፤ ይህም የሸራው የውጭ ስፋት፣ የሸራው የውስጥ ስፋት፣ የጥርስ ቁጥርና የዘንግ ስፋት ማለት ነው። ዲስኩ እጃችሁ ሲገባ ዘንጉ ላይ አስገቡት። ሳይገፋ በራሱ ክብደት መንሸራተት አለበት፤ ጠርዙን ይዛችሁ ስታወዛውዙት ደግሞ መሃሉ ላይ የሚያንቋቋ ልቅነት ሊኖር አይገባም።

2. የዘንጉ ጫፍና የክራንኩ ኩሽኔታ። የካምቢዮ ዘንግ ጫፍ በክራንኩ መሃል ባለች ትንሽ ኩሽኔታ ይደገፋል። የጫፉን ስፋት፣ የክራንኩን ጉድጓድ ስፋትና ጥልቀት ለኩ። የኩሽኔታ ቁጥር ልኩን ይናገራል፦ 6201 ውስጡ 12፣ ውጪው 32፣ ውፍረቱ 10 ሚሜ ነው፤ 6202 ደግሞ 15፣ 35፣ 11፤ 6203 ደግሞ 17፣ 40፣ 12። ከእነዚህ አንዱ ጫፉንም ጉድጓዱንም ከገጠመ ጨርሳችኋል። ካልገጠመ ቶርኖ ቤት በነሐስ ቡሽ ያሠራል፤ በጫፉና በቡሹ መሃል ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሜ ክፍተት ይበቃል።

3. የዘንጉ ርዝመት። በሞተሩና በካምቢዮው መሃል ላሜራ፣ ማለትም አዳፕተር፣ የሚገባ ከሆነ ይህ ከሁሉ ይበልጣል። ጫፉ በድሮው ሞተር ኩሽኔታ ውስጥ 9 ሚሜ ይገባ ከነበረና 12 ሚሜ ላሜራ በመሃል ካስገባችሁ፣ ጫፉ ኩሽኔታውን ሳይነካ 3 ሚሜ ወዲህ ይቀራል። መኪናው ይነሣል፣ ይሄዳልም። ነገር ግን ድጋፍ ያጣው ዘንግ እየተወዛወዘ የካምቢዮውን የፊት ኩሽኔታ ያስጮሃል፣ የዲስኩን መሃል ጥርስ ይበላል፣ ፍሪሲዮን ተረግጦም ማርሽ እንዳይገባ ያደርጋል። መፍትሔው ከክራንኩ ወደ ውጭ የሚወጣ ረጅም የነሐስ ቡሽ ማሠራት ወይም ላሜራውን ማሳሳት ነው። «ያለሱም ይሄዳል» ለሚል መካኒክ እሺ አትበሉ።

4. ላሜራው መሃል መያዙ። ዳያል ጌጅ፣ ማለትም ጥቃቅን መወዛወዝ የሚለካ ባለ ሰዓት መለኪያ፣ ክራንኩ ላይ አስሩና በካምቢዮው መቀመጫ ቀዳዳ ዙሪያ አዙሩት። አጠቃላይ ንባቡ ከ0.13 ሚሜ ካለፈ የክራንኩና የዘንጉ መስመር አንድ አይደለም። በችቦ የተቆረጠ፣ በዓይን የተቀደደ ላሜራ ይህን ፈተና አያልፍም። ሁለት ማረፊያ ፒን የሌለው ላሜራም አትቀበሉ፤ ብሎን ያጠብቃል እንጂ መሃል አይዝም።

5. ቮላኖው። ሸራው የሚያርፍበትን ፊት ስፋት፣ በተቃራኒ በኩል ባሉ የፕሬዠር ብሎን ቀዳዳዎች መሃል ያለውን ርቀት፣ ፊቱ ጠፍጣፋ ወይም ደረጃ ያለው መሆኑን፣ ደረጃ ካለው ጥልቀቱን ጻፉ። የዙሪያ ጥርሱ ከሞተሪኖው፣ ማለትም ከማስነሻው፣ ጥርስ ጋር መናከሱንም አሁኑኑ እዩ።

6. የጣቶቹ ቁመት። ፕሬዠሩን ከዲስኩ ጋር ቮላኖው ላይ እሰሩና ከሞተሩ ጀርባ ፊት እስከ ጣቶቹ ጫፍ ለኩ። ላሜራ ካለ ከላሜራው ፊት ለኩ። በሌላ በኩል ኩሽኔታውን በካምቢዮው አንገት ላይ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፍታችሁ፣ ከካምቢዮው አፍ ፊት እስከ ኩሽኔታው ፊት ለኩ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው መብለጥ አለበት፤ ልዩነቱ የኩሽኔታው የመሸሻ ቦታ ነው። ሸራው ሲያልቅ የፕሬዠሩ ጣቶች ወደ ካምቢዮው ይመጣሉ፤ በዲያፍራም ፕሬዠር፣ ማለትም በአንድ ሳህን መሰል ሞላ በሚጫነው፣ ላይ ሸራው 1 ሚሜ ባለቀ ቁጥር ጣቱ ከ3 እስከ 4 ሚሜ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ አዲስ ሸራ ሲገጠም ከ8 ሚሜ ያላነሰ መሸሻ ተዉ። ይህ ቦታ ካነሰ መኪናው ለጥቂት ወራት በደንብ ይሠራል፤ ከዚያ ገና ያላለቀ ሸራ መንሸራተት ይጀምራል፤ ባለቤቱም ዕቃው መጥፎ ነበር ይላል።

7. የዲስኩ ሞላዎችና የቮላኖው ብሎኖች። ከሌላ ሞተር የመጣ ዲስክ መሃሉ ላይ ያሉት ሞላዎች ቮላኖውን ከክራንኩ ጋር የያዙትን ብሎኖች ራስ ሊነኩ ይችላሉ። በብሎኖቹ ራስ ላይ የልጆች መጫወቻ ፕላስቲሲን ለጥፉ፣ ዲስኩን ሸራው ቮላኖው ላይ እንዲያርፍ አስቀምጡና ፕሬዠሩን ሳታስሩ በእጅ አንድ ዙር አዙሩት። አንሡና ፕላስቲሲኑን ተመልከቱ፦ የተጫነው ቦታ ውፍረት ከ2 ሚሜ ካነሰ ያ ዲስክ ለዚያ ቮላኖ አይሆንም። ሸራው ትንሽ ሲያልቅ ሞላዎቹ ወደ ብሎኖቹ ይቀርባሉና። ብዙ ዲስኮች ላይ የትኛው ፊት ወደ ቮላኖ እንደሚዞር ተጽፎ ይገኛል፤ ጽሑፉ ከሌለ ረጅሙ የመሃል አንገት በአብዛኛው ወደ ካምቢዮው ይዞራል። ይህን ፈተና በሁለቱም አዙራችሁ ብታዩት ግልጽ ይሆናል።

አቅሙን ማስላት

የፍሪሲዮን አቅም የሚወሰነው በሦስት ነገር ነው፦ ሸራው በሚይዘው መጠን፣ ፕሬዠሩ በሚጫነው ኃይልና የሸራው መሃል ከማዕከሉ ባለው ርቀት። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ የሸራ አያያዝ፣ ሲባዛ የፕሬዠር ጫና በኒውተን፣ ሲባዛ 2፣ ሲባዛ አማካይ ርቀት በሜትር። 2 የሆነው ዲስኩ ሁለት ፊት ስላለው ነው። ለተለመደው ሸራ የአያያዙን ቁጥር 0.27 ብላችሁ ያዙ፤ ይህ ጥንቃቄ ያለው ቁጥር ነው።

224 በ150 የሆነ ዲስክ አማካይ ርቀቱ 93.5 ሚሜ ነው። በ4,500 ኒውተን ጫና 0.27 × 4,500 × 2 × 0.0935፣ ማለትም 227 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ጉልበት ይይዛል። 236 በ150 የሆነው በ5,000 ኒውተን 261 ይይዛል። 250 በ160 የሆነው በ7,000 ኒውተን ጫና 387 ይደርሳል።

አሁን ከሞተሩ ጋር አወዳድሩ። 3ኤል 190 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሰጣል። ባዶውን ለሚሄድ መኪና በ1.3፣ ጭነት ለሚጭን ፒካፕ ወይም ለሚኒባስ በ1.5 አባዙት፤ 247 እና 285 ይመጣል። ስለዚህ 227 የሚይዘው ዲስክ ወረቀት ላይ ከሞተሩ ይበልጣል፣ ግን ለሥራ መኪና አይበቃም። 236ቱ ለቤት መኪና ይበቃል፤ ሲሚንቶና ጤፍ ለሚያመላልስ ግን ከዚህ ከፍ ያለ ጫና ያለውን ፕሬዠር ፈልጉ። 1ኬዜድ ደግሞ 290 አካባቢ ስለሚሰጥ በ1.3 ብቻ 377 ይጠይቃል። በ2ኤል ፍሪሲዮን ላይ 1ኬዜድ ማሰር ዋጋ የሌለው ቁጠባ ነው።

የፕሬዠሩ ጫና ቁጥር ሻጩ ጋ ካልተገኘ፣ ሞተሩ መጀመሪያ በወጣበት መኪና ላይ የነበረውን ፕሬዠር መነሻ አድርጉ፤ ከዚያ በታች አትውረዱ። ከዚያ እጅግ በላይም አትውጡ። ከባድ ፕሬዠር ፔዳሉን ያከብደዋል፣ ፍሪሲዮን በተረገጠ ቁጥር ደግሞ ክራንኩን ወደ ፊት ይገፋዋል። ቃሊቲ ወይም አየር ጤና ሰልፍ ላይ እግሩን ፔዳሉ ላይ ጭኖ የሚቆም ሹፌር በዚህ ዓይነት ፕሬዠር የክራንኩን የጎን ብሮንዚን፣ ማለትም ክራንኩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሄድ የሚይዘውን ማረፊያ፣ ይጨርሳል።

ከፍታውና ዳገቱ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የእንጦጦ ዳገት ደግሞ ከዚያ በብዙ ይወጣል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ ጉልበት ስለሚያጣ እዚህ ከአራት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። አንዳንዱ «እንግዲያው ትንሽ ፍሪሲዮን ይበቃል» ይላል። ይህ በሁለት ምክንያት ስህተት ነው። አንደኛ፣ መኪናው ወደ አዳማና ወደ አዋሽ ሲወርድ ሞተሩ ጉልበቱን መልሶ ያገኛል። ሁለተኛው ይበልጣል፦ ሞተሩ ሲደክም ሹፌሩ ነዳጅ አብዝቶ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ረግጦ ይነሣል። ሸራውን የሚያቃጥለው የሞተሩ ጉልበት ሳይሆን ይህ መንሸራተት ነው።

ዳገት ላይ ምን እንደሚደርስ ቁጥሩን እዩት። ከነጭነቱ 2,500 ኪሎ የሆነ ፒካፕ በ10 በመቶ ዳገት ላይ ሳይነሣ ለመቆም ብቻ 2,450 ኒውተን ይፈልጋል። ጎማው ከመሃል እስከ መሬት 0.34 ሜትር ከሆነ፣ ጎማው ላይ 833 ኒውተን ሜትር ያስፈልጋል። አንደኛ ማርሽ 4፣ ዲፈረንሻሉ 4.1 ከሆነ ይህ በ16.4 ይካፈልና ፍሪሲዮኑ ላይ 51 ይደርሳል። አንደኛ ማርሹ 3.3፣ ዲፈረንሻሉ 3.7 ከሆነ ግን 68 ይደርሳል። ያው መኪና፣ ያው ጭነት፣ ያው ዳገት፤ ፍሪሲዮኑ ላይ የሚያርፈው ግን በሲሶ ጨመረ። ስለዚህ ሞተር ስትቀይሩ ከቤት መኪና የመጣ ረጅም ካምቢዮ አብራችሁ ካስገባችሁ ወይም ትልልቅ ጎማ ካሰራችሁ፣ ከስሌቱ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ዲስክ ምረጡ፤ ወይም ዲፈረንሻሉን ወደ አጭሩ መልሱ። በሱሉልታና በቡራዩ መንገድ ለሚሠራ መኪና ሁለተኛው የተሻለ ነው፤ ፍሪሲዮኑንም ሞተሩንም ያሳርፋል።

ሸራውን መምረጥ

ለሥራ መኪና የተለመደው ሸራ ይበቃል፤ በእኛም አስተያየት ከሌላው ይሻላል። ሴራሚክ የሚባለው፣ እንደ ልብስ ቁልፍ ተቆራርጦ የተሰነገ ሸራ፣ ብዙ ሙቀትና ጉልበት ይችላል፤ ነገር ግን ወይ ይይዛል ወይ ይለቃል። ኮብልስቶን ዳገት ላይ ቀስ ብሎ መነሣት አይችልም፣ ቮላኖውንም ይቦጫጭራል። ለውድድር መኪና የተሠራ ዕቃ ነው።

ናፍጣ ሞተር ከሆነ የመሃል ሞላ የሌለው ዲስክ በፍጹም አትግዙ። የናፍጣ ምት ከባድ ነው፤ ሞላዎቹ ያንን ምት ካልዋጡት ካምቢዮው ያንኳኳል፣ የዘንጉ ጥርስ ይበላል። ባለ ሁለት ክፍል ቮላኖ ይዞ የመጣ አዲስ ሞተር ቮላኖው በደረቅ ተራ ቮላኖ ከተተካ፣ ዲስኩም ሞላ ባለው መተካት አለበት። የባለ ሁለት ክፍል ቮላኖ ዲስክ ሞላ የሌለው የሆነው ሥራውን ቮላኖው ስለሚሠራለት ነው።

ወደ መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ስትሄዱ የጻፋችሁትን ልክ፣ አሮጌውን ዲስክና ካሊፐር ይዛችሁ ሂዱ። ካርቶኑን አትመኑ፤ ዕቃውን ለኩ። ሸራ በድጋሚ የተለጠፈበት ዲስክ ይቀርብላችኋል። በሁለቱ ሸራዎች መሃል በጠርዙ በኩል ተመልከቱ፦ ሞገድ መሰል ቀጭን ብረት መኖር አለበት። መኪናው ሳይንቀጠቀጥ እንዲነሣ የሚያደርገው እሱ ነው። ሸራው ጠፍጣፋ ብረት ላይ ተበስቶ የተመታ ከሆነ፣ ወይም ሞገዱ ተጠፍጥፎ ከሆነ፣ ያ ዲስክ ሲነሣ ይንቀጠቀጣል። የሪቪቶቹ ራስ ከሸራው ፊት ወደ ውስጥ መግባቱን እዩ፤ 0.3 ሚሜ የማለቂያው ልክ ነው፣ ለአዲስ ዕቃ 1 ሚሜና ከዚያ በላይ ይጠበቃል። ሞላዎቹን በአውራ ጣት ጠምዝዟቸው፤ ቤታቸው ውስጥ የሚንሿሿ ካለ ተዉት።

ያገለገለ ፕሬዠር የምትገዙ ከሆነ ጣቶቹን በደንብ እዩ። ኩሽኔታው ያረፈበት ቦታ ከ0.6 ሚሜ በላይ ከተበላ ወይም የመበላቱ ስፋት 5 ሚሜ ካለፈ አይገዛም። ጣቶቹ ከፍና ዝቅ ካሉ፣ ልዩነቱ ከ0.5 ሚሜ በላይ ከሆነ ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ ይንቀጠቀጣል። ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ የመሰለ ፊት ሙቀት የበላው ፊት ነው። ኩሽኔታ ግን ያገለገለ አይገዛም፤ እሱን ለመቀየር ካምቢዮ ማውረድ ያስፈልጋልና።

ቮላኖውን ማስተካከል

ሞተሩ ያገለገለ ከሆነ ቮላኖውን ቶርኖ ቤት ውሰዱ፤ ፊቱ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ግን አትጠርቡት፣ ቀይሩት። ከተጠረበ በኋላ ሲዞር የፊቱ መወዛወዝ ከ0.1 ሚሜ ማለፍ የለበትም። ጠፍጣፋ ቮላኖ ከሆነ ፊቱ በሙሉ ይጠረባል። ደረጃ ያለው ከሆነ ለቶርኖው ሠራተኛ ቁመቱን ጻፉለት፦ ከሸራው ማረፊያ የተነሣውን ያህል ከፕሬዠሩ ማረፊያም ይነሣ። የሸራው ማረፊያ ብቻ 1 ሚሜ ከጠለቀ ፕሬዠሩ ዲስኩን የሚጫንበት ጉልበት ይወርዳል፤ አዲስ ዕቃ አስገብታችሁ በመጀመሪያው ዳገት ይንሸራተታል። ይህ ስህተት ብዙ ጊዜ በሸራው ይሳበባል።

ፔዳሉና ፓምፑ

ትልቅ ፕሬዠር ስታስገቡ የድሮው ፓምፕ በቂ ርቀት ላይገፋ ይችላል። ፔዳሉ የሚገፋው የላይኛው ፓምፕ ስፋት 15.87 ሚሜ፣ ሹካውን የሚገፋው የታችኛው 19.05 ሚሜ ከሆነ፣ ላይ 30 ሚሜ ስትገፉ ታች 20.8 ሚሜ ይወጣል። የታችኛውን በ20.64 ከቀየራችሁት ፔዳሉ ይቀላል፣ የሚወጣው ግን 17.7 ብቻ ነው። ሹካው ይህን በግማሽ ከቀነሰው ኩሽኔታው 10.4 ወይም 8.9 ሚሜ ይሄዳል ማለት ነው። ዲያፍራም ፕሬዠር ለመልቀቅ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 ሚሜ ስለሚፈልግ ሁለተኛው አደገኛ ድንበር ላይ ነው። ፔዳል ከበደኝ ብሎ የታችኛውን ፓምፕ ማስፋት ማርሽ አልገባ የሚል መኪና የሚፈጥረው በዚህ መንገድ ነው።

የካምቢዮው ሹካ በጉዞው መሃል ላይ ከዘንጉ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ይያዝ። ከመጀመሪያው ተንጋዶ ከተነሣ ኩሽኔታውን በጎን እየገፋ አንገቱን ይበላል። የሹካው መደገፊያ ጉልላት በዋሸር ከፍ ሊል ይችላል፤ አንድ ጠንካራ ዋሸር እንጂ የተደራረቡ ቀጫጭኖች አይደሉም።

ሲገጠም

የክራንኩን የኋላ ዘይት ማኅተም ቀይሩ፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ዘይት የነካው ሸራ ግን አይድንም። የቮላኖውን ፊት በንጹሕ ቤንዚን ጠርጉት። የክራንኩን ብሎኖች በሞተሩ መጽሐፍ በተጻፈው ልክ አጥብቁ፤ ከሞተር ሞተር ይለያያልና በግምት አይሆንም። ዲስኩን በማዕከል ማስያዣ ዘንግ ያዙት፤ ማስያዣ ከሌለ የአሮጌ ካምቢዮ ዘንግ ይሠራል። የፕሬዠሩን ብሎኖች በተቃራኒ በተቃራኒ እየዞራችሁ፣ በአንድ ጊዜ ግማሽ ዙር እያደረጋችሁ አጥብቁ፤ ኤም 8 ለሆኑት የቶዮታ ብሎኖች 19 ኒውተን ሜትር ነው። አንዱን ወገን አስቀድሞ ማጥበቅ ሽፋኑን ያጣምመዋል።

የዘንጉ ጥርስ ላይ ግራሶ በስስ ቀቡና የተረፈውን ጥረጉ፤ የበዛ ግራሶ ሲዞር ሸራው ላይ ይረጫል። ካምቢዮውን ስታስጠጉ በክሪክ ይያዝ፤ ክብደቱ በዲስኩ መሃል ላይ አንድ ጊዜ እንኳ ከተንጠለጠለ ዲስኩ ይጣመማል። የካምቢዮው አፍ ከሞተሩ ጋር በእጅ ግፊት ካልገጠመ በብሎን ስባችሁ አታስገቡት፤ የሚያግደው ነገር አለ፣ ብዙ ጊዜም የዘንጉ ጫፍ ወይም ያልተማከለ ዲስክ ነው።

ሁሉ ካለቀ በኋላ ከፓምፑ አየሩን አውጡ፣ በፔዳሉ ላይ ከ5 እስከ 15 ሚሜ ነፃ ጨዋታ ተዉ። ሞተሩን አስነሡ፣ ፍሪሲዮኑን ሙሉ ረግጣችሁ ጥቂት ሰከንድ ጠብቁና ወደ ኋላ ማርሽ አስገቡ። ካንገራገረ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ከዚያ በሜዳ መንገድ በ40 ኪሎ ሜትር በአራተኛ ማርሽ እየሄዳችሁ ነዳጁን ሙሉ ርገጡ፦ ሞተሩ ቀስ ብሎ መኪናውን ይዞ ከወጣ ደኅና ነው፤ የሞተሩ ድምፅ ብቻውን ከዘለለ ይንሸራተታል። ፈተናውን አንድ ጊዜ እንጂ ደጋግማችሁ አትሥሩት። ከዚያ በኋላ ለ500 ኪሎ ሜትር ያህል ከባድ ጭነት አትጫኑ፣ በዳገት አታስጨንቁት።

የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ መዘመን እንዳለበትም ለባለቤቱ አስታውሱ፤ ቦሎ ላይ ከመያዙ በፊት።

ችግር ሲመጣ ምክንያቱን ከምልክቱ

አዲስ ፍሪሲዮን ቶሎ ከተንሸራተተ መጀመሪያ የኩሽኔታውን መሸሻና የፔዳሉን ነፃ ጨዋታ እዩ፤ ቀጥሎ የቮላኖውን ደረጃ፤ ቀጥሎ ዘይት። አቅሙን የምትጠረጥሩት ከእነዚህ በኋላ ነው። የዘይት ምልክቱ ቀላል ነው፦ ሸራው ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ይሆናል፣ ሽታውም የተቃጠለ ነው። የሞተር ዘይት በክራንኩ ማኅተም፣ ወፍራሙና መጥፎ ሽታ ያለው የካምቢዮ ዘይት በካምቢዮው ዘንግ ማኅተም ይመጣል።

ማርሽ በቀዝቃዛ ጠዋት የሚገባ፣ ሲሞቅ የሚያንገራግር ከሆነ ፓምፑ ውስጥ አየር ወይም ያረጀ ጎማ አለ። ጠዋትም ማታም ካንገራገረ የኩሽኔታው ጉዞ ያነሰ ነው፣ ወይም ዲስኩ ተጣሟል፤ የዲስክ መወዛወዝ ከ0.8 ሚሜ ማለፍ የለበትም። ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሚጮህ ድምፅ የገፊው ኩሽኔታ ነው። ሲለቀቅ በገለልተኛ ማርሽ የሚጮህና ሲረገጥ ዝም የሚል ድምፅ ግን ከካምቢዮው የፊት ኩሽኔታ ነው። ላሜራ የገባበት መኪና ላይ ይህን ከሰማችሁ ካምቢዮውን ከመፍታታችሁ በፊት ላሜራው መሃል መያዙንና የዘንጉ ጫፍ ኩሽኔታው ውስጥ መግባቱን ደግማችሁ ለኩ።

ሲነሣ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሸራውን ከመውቀሳችሁ በፊት የሞተሩን መደገፊያ ጎማዎች እዩ። ሞተር ሲቀየር መደገፊያው ተበይዶ ስለሚሠራ ብዙ ጊዜ ያላላ ወይም ያዘመመ ነው፤ ሞተሩ ተነቃንቆ ፍሪሲዮኑ ራሱ የተንቀጠቀጠ ይመስላል። መደገፊያው ደኅና ከሆነ የፕሬዠሩን ጣቶች እኩልነትና የሞገድ ብረቱን እዩ።

የተጠቀማችሁበትን የዲስክ ልክ፣ የፕሬዠሩን ቁጥር፣ የክራንኩን ኩሽኔታ ቁጥር፣ የላሜራውን ውፍረትና ከቮላኖው የተጠረበውን መጠን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ለባለቤቱ ስጡ። ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ መኪናውን የሚፈታው ሌላ ጋራዥ ከዚያ ወረቀት በቀር የሚያገኘው መመሪያ የለም፤ የመኪናውም የሞተሩም መጽሐፍ ለዚህ መኪና አልተጻፈም።